ጽጌረዳና ቆስጣ ጎን ለጎን ለምትተክሉ

ግቢያችሁ ጠባብ ሆኖባችሁ አበባና የሚበላ ቅጠል አንድ መደብ ላይ ለመትከል ያሰባችሁ፣ በተለይ ድሬዳዋም ሆነ ሌላ ቆላ ከተማ የምትኖሩ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኛ ቤት ጽጌረዳና ቆስጣ ጎን ለጎን ተተክለው እናቴንና ትንሿን ልጄን ላጣቸው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሁለቱም ደህና ናቸው። በሌላ ቤት እንዳይደርስ ብዬ የሆነውንና ከዚያ ወዲህ ያወቅነውን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ጽጌረዳው ነበር። የመጣው ከሐረር ነው፤ አክስቴ ግቢ ያለው ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ያብባል። እናቴ ለጥየቃ በሄደች ቁጥር ቅርንጫፍ ታስቆርጥና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ የደንገጎን ዳገት ቁልቁል ይዛው ትወርዳለች። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢያችን ከአጥሩ ሥር ያለው መደብ የእሷ ነው፤ ፍግ እያለበሰች፣ እየኮተኮተች ለዓመታት ያለማችው አፈር ነው። ነገር ግን ሐረር ላይ የቡና ሲኒ የሚያህለው አበባ እኛ ጋ ሲመጣ ያንሳል። ጠዋት የፈነዳው እንቡጥ ከሰዓት ዳር ዳሩ ተጠብሶ ይገኛል፤ በማግስቱ ይረግፋል። ከሐረር ድሬ ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ከ1,900 ሜትር አካባቢ ወደ 1,200 ይወርዳል። ለሰው የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፤ ለጽጌረዳ ግን ደጋውን ለቆ ቆላ መግባት ነው።

ከሙቀቱ የባሰው ውሃው ነበር። የጽጌረዳው ለጋ ቅጠል ይቢጫል፣ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋችሁ ብታዩት ቢጫው ላይ አረንጓዴው ጅማት አንድ በአንድ ተለይቶ ይታያል። ያየው ሁሉ "ውሃ አንሶት ነው" ይለናል፤ እኛም ከቧንቧ እንጨምርለታለን፤ ቢጫው ይብስበታል። በኋላ ነገሩን የፈታልን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት የተማረው የጎረቤታችን ልጅ ነው። "እማማ፣ ውሃ አላነሰውም፤ ኖራ ነው የበዛበት" አላት። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የሞላበት ውሃ ነው፤ ሻይ የምታፈሉበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ያ ኖራ አፈር ውስጥ ሲከማች ጽጌረዳው ብረት መሳብ ያቅተዋል። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ሥሩ ግን ሊወስደው አይችልም። ጽጌረዳ ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር ነው የሚወደው፤ በአሲድነት መለኪያው (pH) ከ6 እስከ 6.5 ድረስ። የቧንቧ ውሃ በጨመርንለት ቁጥር ከሚወደው እያራቅነው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለጽጌረዳ ወዳጆች የምላችሁ፦ በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል አቁሩ። የዝናብ ውሃ ኖራ የለበትም። አፈሩን በደንብ በበሰለ ብስባሽ መግቡት፤ ከላይ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ጎዝጉዙበት። ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ ምረጡለት። ይህን ሁሉ ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ድሬ ላይ ጽጌረዳ ባትጀምሩ ይሻላችኋል፤ የምትወዱትን ነገር በየቀኑ ሲጠወልግ ማየት ልብ ያደክማል።

ቆስጣው የመጣው በችግር ጊዜ ነው። የባለቤቴ ሥራ ቆመ፤ ኑሮው በእኔ ደመወዝ ላይ ወደቀ። ከቀፊራ ገበያ የምንገዛው ቅጠላ ቅጠል ራሱ ከበደን። እናቴ ጾም አታፈርስም፣ ልጆቹም ያለ አትክልት አይበሉም። ስለዚህ ቆስጣ እንዝራ ተባለ። የት? ግቢው ሌላው ክፍል ሲሚንቶና አሸዋ ነው። ፍግ የጠገበ አፈር ያለው የጽጌረዳው መደብ ብቻ ነው፤ የውሃ ጎማውም የሚደርሰው እዚያ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ አንድ ጎማ ሁለቱንም ካጠጣ ትልቅ ቁጠባ ነው። ቆስጣውን በጽጌረዳዎቹ መካከል መካከል ዘራነው። በጊዜው ያየን ሁሉ ያመሰገነው ሐሳብ ነበር።

ቆስጣው ያለ ምንም ማባበል በቀለ። ጽጌረዳው የሚቢጭበት ያው አፈር፣ ያው ውሃ ለቆስጣው ተስማማው። ምክንያቱ አለው፤ ቆስጣ ከቀይ ሥር ጋር አንድ ዝርያ ነው፣ የሁለቱም አያት በባሕር ዳርቻ የሚበቅል የዱር ተክል ነው። ጨውና ኖራ የለመደ ዘር ስለሆነ የእኛን ውሃ ይችለዋል። ሰላጣ ዘርታችሁ የምታውቁ ሙቀቱ ሲመጣ ግንድ አውጥቶ እንደሚመር ታውቃላችሁ፤ ቆስጣ ከእሱ ይልቅ ይታገሣል። ዘር በተዘራ በሁለት ወር ገደማ መቁረጥ ይጀመራል፤ የውጭ የውጩን ቅጠል እየወሰዳችሁ መሐሉን ከተዋችሁለት ለወራት ይመግባችኋል። በዚያ የችግር ጊዜ ስንት ምሳችንን እንደሸፈነልን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ሙቀቱና ድርቀቱ ሲበረታ ጽጌረዳው ላይ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወጣ። በዓይን በግልጽ አይለይም። ቅጠሉ በጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ ይሞላል፣ ከሥሩ ቀጭን ድር ይታያል። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ በታች ይዛችሁ ቅጠሉን በጣት መታ መታ ብታደርጉት ወረቀቱ ላይ እንደ አቧራ የሚወድቀው ነገር መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ እሱ ነው። ሙቀትና ድርቀት ሲገናኙ በፍጥነት ይራባል። የሰፈሩን አበባ እየዞረ የሚረጭ አንድ ልጅ ነበረ፤ ጎረቤት ሲረጭ ጠራነው። "ጽጌረዳው ነው አይደል?" አለ፤ "አዎ" ተባለ። ጽጌረዳ ርጭ የተባለ ሰው ጽጌረዳ ረጨ። መሐል ስላለው ቅጠል እሱም አልጠየቀም፣ እኛም አላነሳንም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ መረጨቱንም የሰማች አይመስለኝም።

በማግስቱ፣ የሰኔ ጾም ነው፣ እናቴ እንደ ልማዷ ቆስጣ ቆርጣ፣ በሚገባ አጥባ፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ሠራችው። እሷና ትንሿ ልጄ ቀድመው በሉ። ብዙም ሳይቆይ ልጄ "ሆዴን" አለች። ሙቀት ነው ብለን ውሃ ሰጠናት። ከዚያ ላቧ ይወርድ ጀመር፤ ምራቋ ከአፏ እየፈሰሰ መዋጥ አቃታት፤ አስታወከች። እናቴም ወንበሩን ይዛ "ዓይኔ ደበዘዘ" አለች። የልጄን ዓይን ቀና አድርጌ ሳየው ጥቁሩ ብሌን ጠብቦ ነጥብ አክሏል። ጎረቤቶች ወተት ይዘው ሮጡ፤ ጣት አስገብታችሁ አስታውኩ የሚሉም ነበሩ። ባለቤቴ አልሰማቸውም፤ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው "እማማ፣ ዛሬ ምን በሉ?" ብሎ ነው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ "ግቢያችሁ የተረጨ መድኃኒት አለ?" አለኝ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገጠመልኝ። "የመድኃኒቱን ዕቃ አምጡልኝ" ሲል ባለቤቴ የረጨውን ልጅ ፍለጋ ሮጠ። ያገኘው ግን ስም የሌለው የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ መድኃኒቱ ተቀንሶ የተገለበጠበት። ልጁ የገዛበትን ሱቅ እስኪያሳየው፣ ከሱቁ ስሙን እስኪያገኝ ጊዜ ሄደ። ዲሜቶኤት ይባላል። ሐኪሙ ግን ምልክቱን አይቶ ሳይጠብቅ አትሮፒን የሚባለውን ማርከሻ ጀምሮላቸው ነበር፤ ያተረፋቸውም እሱ ነው። ልጄ ላቧ ሲደርቅ፣ ብሌኗ ሲሰፋ ያየሁበትን ሰዓት አልረሳውም።

ከዚህ በታች ያለውን እባካችሁ ለቤተሰባችሁ ንገሩ። ላብ፣ ምራቅ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የጠበበ ብሌን፣ የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ አንድ ላይ ሲመጡ የተባይ መድኃኒት መርዝ ሊሆን ይችላል። የትንፋሽ ማጠርም ይከተላል፤ ነፍስ የሚያጠፋው እሱ ነው። ወተት አትጋቱ፣ ጨው በውሃ አትስጡ፣ አታስታውኩ፤ ሲያስታውኩ መርዙና የሟሟበት ፈሳሽ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ልብስና ቆዳ ላይ የነካ ካለ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙና እጠቡ። ከዚያ ቀጥታ ሆስፒታል። የመድኃኒቱ ዕቃ ከነጽሑፉ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌለ ደግሞ እሱን ስትፈልጉ በሽተኛውን አታቆዩ፣ አንድ ሰው ወደ ሆስፒታል ሌላው ወደ ሱቅ ይሂድ።

"አጥበነው ነበር እኮ" እያለች እናቴ ስታለቅስ ነው ያ የጎረቤታችን ልጅ ሁለተኛውን ትምህርት ያስተማረን። ዲሜቶኤትን የመሰሉ መድኃኒቶች ቅጠሉ ላይ ተለጥፈው አይቀሩም፤ ወደ ውስጥ ይሰርጉና ከተክሉ ፈሳሽ ጋር ይዘዋወራሉ። የተሠሩትም ለዚያ ነው፣ ተባዩ ሲመጥ እንዲሞት። ስለዚህ በውሃም በኮምጣጤም ብታጥቡት አይወጣም፤ ማብሰልም ዋስትና አይሆንም። ለሚበላ ሰብል በተፈቀደ መድኃኒት ዕቃ ላይ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይቆረጥ መቆየት እንዳለበት ተጽፏል፤ እንደ መድኃኒቱና እንደ ሰብሉ ይለያያል። ለአበባ ተብሎ ሲረጭ ግን ያ ቀን አይታሰብም፤ ማንም ጽጌረዳ አይበላምና። መጠኑም ለሚበላ ቅጠል አይለካም። ለእኔ በአበባና በሚበላ ቅጠል መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። ውሃ፣ ጥላ፣ አፈር ሊያስማማቸው ይችላል፤ ርጭቱ ግን አያስማማቸውም። ጽጌረዳ ቢታመም ታግሣችሁ ልታዩት ወይም ልትረጩት ትችላላችሁ፤ ቆስጣ አጠገቡ ካለ ግን ሁለቱንም አብራችሁ ነው የረጫችሁት።

ከሆስፒታል ስንመለስ ቆስጣውን ከነሥሩ ነቀልነው። አንድ ሰው ለፍየሎቹ ሊወስደው ለመነን፤ ከለከልነው። ለፍየልም፣ ለዶሮም፣ ለብስባሽ ጉድጓድም አይሆንም፤ ልጅ በማይደርስበት፣ ከውሃ በራቀ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። የጽጌረዳው መደብ ላይ ከዚያ ወዲህ የሚበላ ነገር አልዘራንም፣ አንዘራምም።

አሁን ቆስጣችን ከቤቱ ጀርባ ነው። መካከል ላይ ቤቱ ራሱ ስለሚጋርደው ከአጥር ወገን የሚመጣ ነገር በቀላሉ አይደርስበትም። አፈር ስለሌለ በጆንያና በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ነው የምንዘራው፤ ከሥሩ ቀዳዳ አበጅተን፣ የወንዝ አሸዋ፣ ቀይ አፈርና በደንብ የበሰለ ፍግ ቀላቅለን። መድኃኒትም ሆነ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን በፍጹም አትጠቀሙ፣ የቱንም ያህል ብታጥቡት። ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን። የቆስጣ ዘር የምንለው ጎርባጣ ፍሬ በውስጡ ከአንድ በላይ ዘር ስላለው ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ችግኝ ይወጣል፤ አትሳሱ፣ ጠንካራውን ትታችሁ ሌላውን በመቀስ ቁረጡና አብስሉት። በመጨረሻ በመካከላቸው 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ይቅር። ጥሩው የመዝሪያ ጊዜ እኛ ዘንድ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፣ ቀዝቀዝ ያሉት ወራት ሲመጡ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይጠነክራል፤ ያኔ በመረብ ወይም በሣር ዳስ ቀትሩን ማስጠለል ግድ ነው። ቅጠል የምትቆርጡት ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት የተቆረጠ ወዲያው ይጠወልጋል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ቤት ካለ ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚበዛበት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል።

ተባይ ሲመጣብን የምንጠቀመው ኒም ነው። ድሬ ኒም የሌለበት ሰፈር አለ ብዬ አላስብም፤ ከዚራ ሰፈር ከዛፉ ጥላ ሥር የማይቀመጥ የለም። የደረቀውን የፍሬ አስኳል 50 ግራም ያህል ወቅጣችሁ በ1 ሊትር ውሃ አሳድሩ፤ በጨርቅ አጥልሉና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቅጠሉ ሥር ሥሩ እርጩ። ፀሐይ ቶሎ ስለሚያጠፋው ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ይህንንም ረጭተን በዚያው ቀን ቅጠል አንቆርጥም፤ ጥቂት ቀን አሳልፈን፣ ደህና አድርገን አጥበን ነው የምንበላው። ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ዋሻ የሚቆፍር ትል ያየን እንደሆነ ያን ቅጠል ቆርጦ ማቃጠል ይበቃል። ለጽጌረዳው ቀይ ሸረሪት ደግሞ ከመድኃኒቱ ይልቅ ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ሥር በኃይለኛ ውሃ መምታት ሠራልን። የተባይ መድኃኒት ሸረሪቱን የሚበሉትን ነፍሳት ስለሚገድል አንዳንዴ ጭራሽ ያበዛዋል።

የእጥበት ውሃም ለይተን ነው የምንደፋው። አትክልትና እህል ያጠብንበት ለቆስጣው ሥር ይሄዳል። የልብስ ማለቅለቂያው፣ ሳሙናው የቀለለው ብቻ፣ ከበሩ ላይ ላለው ቡገንቪሊያ። እናቴ አበባ ትታ መኖር አትችልም፤ ቡገንቪሊያው የመጣው ለዚያ ነው። ከድሬ ጋር የተስማማ አበባ ቢኖር እሱ ነው፤ አንዴ ሥር ከያዘ ውሃ ቢጠፋበትም ይችላል፣ እንዲያውም ውሃ ሲበዛለት ቅጠል ያበዛና አበባውን ይቀንሳል። መርጨት የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው። አበባም ቅጠልም ለመትከል ቦታ የሌለው ሰው ቢጠይቀኝ፣ አፈርና ውሃችሁን ለቆስጣ፣ ግድግዳችሁን ለቡገንቪሊያ ስጡ እለዋለሁ። ጽጌረዳ የምትፈልጉ ከሆነ ለብቻው፣ በበርሜል የዝናብ ውሃ፣ ከሚበላ ነገር ሁሉ በራቀ ቦታ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ አጥር የምትጋሩት ጎረቤት። እናንተ ባትረጩም እሱ ይረጫል፤ ነፋስ ደግሞ አጥር አያውቅም። ሄዳችሁ በደህና ቀን፣ በቡና ሰዓት አነጋግሩት፤ ግቢያችሁ የሚበላ ቅጠል እንዳለ ይወቅ። የእኛ ጎረቤት አሁን ሊረጭ ሲል ዋዜማውን ማታ ይነግረናል። እኛም የደረሰውን ቅጠል ጠዋት ቀድመን ቆርጠን እናስገባለን፣ የቀረውን በሸራ እንሸፍናለን፣ የመጠጥ ውሃውን ሮቶ እንከድናለን፣ ልጆቹን ቤት እናስገባለን። ነፋስ ካለ ለሌላ ቀን እንዲያስተላልፈው ጠይቁት። ሽፋኑ ተገልጦ ወይም ነገሩ ሳይነገራችሁ ቀርቶ ቅጠሉ ላይ ጠብታ ያያችሁ እንደሆነ፣ ምን እንደተረጨና ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለባችሁ ከዕቃው ላይ እስክታነቡ ድረስ አንድም ቅጠል አትቁረጡ።